ከቃሉ ማሳ እስከ ኮምቦልቻ መጋዘን፦ በአቅርቦት ሰንሰለትና በአዳዲስ ቴክኖሎጂዎች ላይ ጥናት እንዴት ይሠራል?

የመመረቂያ ጥናት ርዕስ በሚመረጥበት ወቅት ከሎጂስቲክስ፣ ከማኔጅመንትና ከኢንዱስትሪ ምህንድስና ተማሪዎች የሚቀርቡልኝ ርዕሶች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ቅርጽ አላቸው። መጀመሪያ ብሎክቼይን (ብዙ ወገኖች በጋራ የሚይዙት የኮምፒውተር መዝገብ) ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጠራል፤ ቀጥሎ «በአቅርቦት ሰንሰለት አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ሐረግ ይመጣል፤ በመጨረሻም ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚል የቦታ ስም ይታከልበታል። እንዲህ ያለ ርዕስ ይዞ የተነሣ ተማሪ ስለ ቴክኖሎጂው ለወራት ሲያነብ ከቆየ በኋላ መጠይቁን ይዞ መስክ ሲወጣ ስለሚጠይቀው ነገር ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ያጣል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያ ድካም እንዲቀር ነው። የምመክረው አካሄድ ከተለመደው ተቃራኒ ነው፤ በቅድሚያ አንድን ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተከትሎ ማየት፣ ስለ ዕቃው የሚነገረውና የሚጻፈው መረጃ የት ላይ እንደሚቋረጥ ማግኘት፣ ቴክኖሎጂውን ግን ከዚያ በኋላ ማንሣት ነው።

አንድ ዕቃ መምረጥና መከተል

ወሎ ለዚህ ዓይነቱ ጥናት ብዙ ዕድል ያለበት አገር ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚገባው የፋብሪካ ግብዓት፣ በቆቦና በጊራና ሸለቆ በመስኖ የሚመረተው ሽንኩርት፣ በባቲ የሰኞ ገበያ የሚሸጠው የቁም እንስሳ፣ ከሐይቅ የሚወጣው ዓሣ፣ ከደሴ ወደ ጤና ጣቢያዎች የሚከፋፈለው መድኃኒት እያንዳንዳቸው የተለያየ ጥያቄ ያስነሣሉ። በሽንኩርት ላይ ዋናው ጉዳይ ፍጥነትና ብልሽት ነው፤ በመድኃኒት ላይ የአገልግሎት ማብቂያ ቀንና የሙቀት መጠን ነው፤ በፋብሪካ ግብዓት ላይ ደግሞ ዕቃው መቼ እንደሚደርስ በእርግጠኝነት ማወቅ ነው። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይምረጡ፤ ሁለት ሦስት ዕቃ በአግባቡ ለማነጻጸር የሚበቃ ጊዜና ገንዘብ በአንድ የማስተርስ ጥናት ውስጥ አይገኝም።

እዚህ ላይ ማሾን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ማሾ በቃሉና በአካባቢው ቆላማ ቀበሌዎች የሚበቅል፣ ዝናብ ሲያጥር እንኳ ቶሎ የሚደርስ፣ በአብዛኛው ለውጭ ገበያ የሚቀርብና በኢትዮጵያ ምርት ገበያም የሚገበይ ሰብል ነው። በገበያ ቀን ከሰብሳቢው ነጋዴ ሚዛን አጠገብ ቆሞ የሚመለከት ሰው የሚያየው ይህን ነው። ገበሬው በአህያ ያመጣውን ያወርዳል፤ ነጋዴው እጁን ከከረጢቱ ውስጥ አግብቶ ጥቂት ፍሬ በመዳፉ ላይ ይዘረጋል፣ ጠጠርና የተጨማደደ ፍሬ መኖሩን ያያል፣ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ እርጥበቷን ይገምታል። ዋጋ ይነገራል፣ ይመዘናል፣ ብሩ ይቆጠራል። ከዚያም ማሾው መሬት ላይ በተነጠፈው ሸራ ላይ፣ ቀደም ብለው የመጡት ገበሬዎች ምርት በተከመረበት ላይ ይደፋል።

አጥኚው ሊያስተውለው የሚገባው ይህን ቅጽበት ነው። ነጋዴው በደብተሩ ላይ ኪሎውንና የከፈለውን ብር ይጽፋል እንጂ ማሾው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ የሚጽፍበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ከዚያ ሸራ በኋላ በኩንታሉ ላይ የሚለጠፍ ኪውአር ኮድ ስለ ነጋዴው ሊናገር ይችላል፤ ስለ ገበሬው ግን ምንም ሊናገር አይችልም። ብሎክቼይንም ቢሆን አንዴ የሰፈረ መዝገብ በኋላ በስውር እንዳይለወጥ ይጠብቃል እንጂ መጀመሪያውኑ የሰፈረው እውነት መሆኑን አያረጋግጥም። መቀላቀሉ ራሱ ጥፋት ነው ብሎ መደምደምም ተገቢ አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ምርት በደረጃ ተለይቶ በአንድነት እንዲከማች ያደረገው ገዢው እያንዳንዱን ከረጢት ሳያይ በደረጃው ብቻ እንዲገዛ ለማስቻል ነበር፤ በአንጻሩ በዚያው ገበያ የሚሸጠውን ቡና ትክክለኛ መነሻ ማወቅ የሚፈልጉ ገዢዎች ቅሬታ ያቀረቡት በዚሁ አሠራር ላይ ነው። ጥሩ ጥናት ሁለቱንም ወገን ይመዝናል፤ ምርቱ ሳይቀላቀል እንዲቆይ ማድረግ ስንት ያስወጣል፣ ያንንስ ወጪ የሚሸፍን ገዢ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ዕቃውን ሲከተሉ በእያንዳንዱ እጅ ላይ አራት ነገር ይመዝግቡ፦ ምን ተረከበ፣ ምን ተጻፈ፣ የተጻፈውን ማን ያያል፣ ሳይጻፍ የቀረው ምንድን ነው። በገበያ ውስጥ ደላላውን፣ ጫኝና አውራጁን፣ የመኪና ረዳቱን አይዝለሉ። በመንግሥት ተቋም ከሆነ ደግሞ የገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19፣ የወጪ ደረሰኙ ሞዴል 22 እና በመደርደሪያው ላይ የተንጠለጠለው ቢን ካርድ (የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበት ካርድ) እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን ይመልከቱ። ይህ ሥራ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል፤ ከጥናቱ ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረውም እርሱ ነው።

ጥያቄውን ማጥበብ

በቃሉ ማሾ ንግድ ውስጥ ብሎክቼይን በሥራ ላይ ካልዋለ «የብሎክቼይን ተጽዕኖ» ሊለካ አይችልም። ለ200 ሰው መጠይቅ አድሎ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ እንዲሰጡ ማድረግ የሚለካው አይተውት ስለማያውቁት ነገር የሰጡትን ግምት ነው። በዚያ ፈንታ መልስ ሊያገኙ የሚችሉ ጥያቄዎች አሉ፦ የምርቱ ማንነት የሚጠፋው በየትኛው ርክክብ ላይ ነው? የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የእያንዳንዱን አባል ምርት ለይቶ ለማቆየት ምን ያህል ተጨማሪ የሰው ጉልበትና ከረጢት ያስፈልገዋል? ነጋዴው በስልኩ የሚያየው ዋጋና ለገበሬው የሚነግረው ዋጋ በስንት ይለያያል?

ስለ ቴክኖሎጂ አቀባበል የሚያጠኑ ብዙዎች ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባቀረበው ሞዴል ይጠቀማሉ፤ ሰው አንድን መሣሪያ የሚቀበለው ጠቃሚና ቀላል መስሎ ሲታየው ነው ይላል። ሞዴሉ ሰውየው የመምረጥ ነጻነት ባለበት ቦታ ጥሩ ይሠራል። አንድ የመድኃኒት መጋዘን ሠራተኛ ግን ሶፍትዌሩን የሚጠቀመው ታዝዞ ስለሆነ «የመጠቀም ፍላጎት አለዎት?» ብሎ እርሱን መጠየቅ ትርጉም ያለው መልስ አያመጣም። በዚህ ጊዜ መጠየቅ ያለበት በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው ቁጥር በመደርደሪያው ላይ ካለው ቁጥር ጋር ይስማማል ወይ የሚለው ነው። ለድርጅት ደረጃ ጥናት ቴክኖሎጂውን፣ ድርጅቱንና አካባቢውን በአንድነት የሚያየው እ.ኤ.አ. የ1990 ማዕቀፍ የተሻለ ያገለግላል፤ የመብራት መቆራረጥና የመንገድ መዘጋት በውስጡ ቦታ ያገኛሉና።

የሌሎችን ጥናት ማንበብ

በጉግል ስኮላርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ብዙ ያገኛሉ። ሲያነቡ የተለካው ነገር በትክክል ምን እንደሆነ ይፈልጉ። የአሜሪካው ቸርቻሪ ዋልማርት ከኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ጋር ባደረገው የብሎክቼይን ሙከራ የአንድን የማንጎ ጥቅል መነሻ ለማወቅ ይወስድ የነበረው 7 ቀን ወደ 2.2 ሴኮንድ መውረዱ በብዙ ጽሑፎች ይጠቀሳል። ይህ ቁጥር መዝገብ ፈልጎ የማግኘት ፍጥነት ነው፤ ማንጎው በፍጥነት ተጓጓዘ ወይም ብልሽቱ ቀነሰ ማለት አይደለም። ያልተሳኩትንም ያንብቡ። የመርከብ ድርጅቱ ሜርስክና አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2018 ያስጀመሩት፣ በብሎክቼይን የሚሠራው ትሬድሌንስ የተባለ የመርከብ ጭነት መረጃ መድረክ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 እንደሚዘጋ ተነገረ፤ የተሰጠው ምክንያት በዘርፉ የተሟላ ትብብር ሊገኝ አለመቻሉ ነበር። የኮምቦልቻ ነጋዴዎች መዝገባቸውን ለተወዳዳሪዎቻቸው ያሳያሉ ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ይህ ታሪክ ትልቅ ትምህርት ይዟል።

መለኪያ፣ ቀንና ሰዓት

ብዙ ጥናት ሳይታወቅ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ በዝርዝር ላስረዳ። በአማርኛ «ማዳበሪያ» የምንለው ለአፈር የሚሰጠውን ብቻ አይደለም፤ ባዶውን ከረጢትም እንዲሁ እንጠራዋለን። ካማከርኳቸው ጥናቶች በአንዱ «በዓመት ስንት ማዳበሪያ ይጠቀማሉ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ግማሾቹ ገበሬዎች የመለሱት ስለ ዩሪያና ኤንፒኤስ ሲሆን ግማሾቹ የመለሱት ስለ እህል መያዣው ነበር፤ ይህን ያወቅነው መረጃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ያ ጥያቄ በሙሉ ተጣለ። ጥፋቱ መጠይቁን አይቼ ያሳለፍኩት የእኔ ነው። ቁናና ጣሳም ከገበያ ገበያ ይለያያሉ፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ገበያ የሚሠራበትን መለኪያ በተረጋገጠ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ወደ ኪሎ ይቀይሩ፣ የቀየሩበትንም በጽሑፍዎ ውስጥ ያስፍሩ። ከከሚሴና ከባቲ ሰዎች ጋር የሚሠሩ ከሆነ መጠይቁ በአፋን ኦሮሞ፣ ወደ ሰቆጣ ከሄዱ በኽምጣኛ መዘጋጀት አለበት፤ መጠይቁን ወደ አማርኛ መልሶ የሚተረጉመውም ሌላ ሰው ይሁን።

ሰዓት ከዚህ የባሰ ያሳስታል። ሹፌሩ ከኮምቦልቻ የተነሣሁት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር ነው ይላል፤ የመኪናው ጂፒኤስ ደግሞ 5 ሰዓት ከ10 የሚል ምልክት ያሳያል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። መሣሪያው የመዘገበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ በእርሱ ላይ 3 ሰዓት ሲጨመር በምሥራቅ አፍሪካ አቆጣጠር 8፡10 ይሆናል፣ ይህም በእኛ አቆጣጠር 2፡10 ነው። ሦስቱን ሳይለይ በአንድ ዓምድ ያስገባ ተማሪ መኪናው ሳይነሣ የደረሰ ሆኖ ያገኘዋል። ቀንን በተመለከተም ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር ይቀይሩ፤ ጳጉሜን ግን ለብቻዋ ይያዟት። አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላትን ወር እንደ ሙሉ ወር የቆጠረ የፍጆታ ትንተና በየዓመቱ መጨረሻ ላይ ያልነበረ ቅናሽ ያሳያል፤ ከነሐሴ ጋር ያጣመራትም ያልነበረ ጭማሪ ያሳያል።

ጅራፉን መለካት

ከገበሬ ገበያ ወጥተን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በደሴ ቅርንጫፍ አለው፤ ጤና ጣቢያዎች በየሁለት ወሩ የፍጆታ ሪፖርትና የመድኃኒት ጥያቄ ያቀርባሉ፤ ብዙዎቹም ዳጉ የሚባል የክምችት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ይጠቀማሉ። ስሙ ጎረቤቶቻችን አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን የሚለዋወጡበትን ባህል ያስታውሳል። እዚህ ላይ ሊለካ የሚችልና ለተማሪ አቅም የሚመጥን ነገር አለ። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው እንደሚያውቀው እጅ በጥቂቱ ሲንቀሳቀስ የጅራፉ ጫፍ በብርቱ ይወናጨፋል። በአቅርቦት ሰንሰለትም የታካሚው ፍላጎት በጥቂቱ ሲለዋወጥ ወደ ላይ የሚላከው ትእዛዝ እጅግ ይዋዥቃል። ሃው ሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ከዘረዘሯቸው አራት ምክንያቶች አንዱ በእኛ ዘንድ በደንብ ይታወቃል፤ የጠየቀውን ግማሽ ብቻ ሲያገኝ የኖረ ፋርማሲስት ቀጥሎ የሚጠይቀው እጥፍ ነው።

ለምሳሌ ያህል በአራት ተከታታይ የሪፖርት ጊዜያት ለታካሚ የተሰጠው 100፣ 110፣ 90፣ 100 ጥቅል ነበር እንበል፤ የተጠየቀው ደግሞ 100፣ 140፣ 60፣ 100። የሁለቱም አማካይ 100 ነው። ከአማካዩ ያለውን ልዩነት በራሱ አባዝተው ሲደምሩት የፍጆታው 200፣ የትእዛዙ 3,200 ይመጣል፤ ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ሲያካፍሉ 16 ያገኛሉ። ከ1 በላይ የሆነ ውጤት መዋዠቁ ወደ ላይ ሲሄድ እየሰፋ መምጣቱን ያሳያል። ይህን ስሌት ሶፍትዌሩ ከመግባቱ በፊት ባሉትና ከገባ በኋላ ባሉት ዓመታት መዝገብ ላይ ቢሠሩ ስለ ቴክኖሎጂው ተጽዕኖ በእውነት የሚናገር ጥናት ይኖርዎታል። አራት ነጥብ ለማስረጃ አይበቃም፤ ቢያንስ የሦስት ዓመት መዝገብ ይፈልጉ። ዕቃው ከጠፋ ምንም ስለማይታደል፣ መድኃኒቱ ከመደርደሪያ የጠፋባቸውን ጊዜያት ለይተው ምልክት ያድርጉባቸው፤ ያን ጊዜ የተመዘገበው ዜሮ ፈላጊ አልነበረም ማለት አይደለም።

ትንበያ በሰው ሠራሽ አስተውሎት

የገበያ ፍላጎትን በኮምፒውተር ለመተንበይ የሚፈልጉ ተማሪዎች ቁጥር እየጨመረ ነው፤ ዝንባሌውንም እደግፈዋለሁ። ይሁን እንጂ ከሌላ አገር የመጣ ሞዴል ብዙ ጊዜ በየ12 ወሩ የሚደጋገም ወቅት ብቻ ይፈልጋል። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ የሚሸምቱ በመሆኑ የሥጋ፣ የቴምርና የሽንኩርት ፍላጎት የሚወሰነው በረመዳን፣ በዐቢይ ጾም፣ በሁለቱ ዒዶችና በፋሲካ ነው። ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም፣ ፋሲካም ስለሚዘዋወር፣ የዘንድሮው ሚያዝያ የአምናውን አይመስልም። እያንዳንዱን ጾምና በዓል ራሱን የቻለ ተለዋዋጭ አድርገው ያስገቡ። ከዚያም ውስብስቡን ሞዴል ከቀላሉ ጋር፣ ለምሳሌ ካለፉት ሦስት ወራት አማካይ ጋር ያወዳድሩ፤ ቀላሉ ካሸነፈ ያንኑ ይጻፉ።

ናሙናና አመኔታ

የናሙና መጠን ለመወሰን ብዙዎች የያማኔን ቀመር ይጠቀማሉ። 400 አባላት ባሉት የኅብረት ሥራ ማኅበር በ5 በመቶ የስህተት መጠን ሲሰላ 400 ሁለት ጊዜ በ0.05 ይባዛና 1 ይሆናል፤ በእርሱ ላይ 1 ሲደመር 2 ይሆናል፤ ከዚያ 400 ለ2 ይካፈልና 200 ይመጣል። ቀመሩ የሚያገለግለው በዕጣ ለሚመረጡ ብዙ ሰዎች ነው። በከተማው ያሉት የማሾ ጅምላ ነጋዴዎች አሥራ ሁለት ብቻ ከሆኑ ግን ቀመር አያስፈልግም፤ ሁሉንም ያነጋግሩ።

ነጋዴና ደላላ ወረቀት የያዘ ሰው ሲያዩ በመጀመሪያ የሚያስቡት ግብርን ነው። የዩኒቨርሲቲውን የትብብር ደብዳቤ ይዞ መሄድ አስፈላጊ ቢሆንም ማኅተም ያለበት ወረቀት አንዳንዴ ጥርጣሬውን ያብሰዋል። በመጀመሪያው ቀን ምንም ሳይጠይቁ አብረው ቡና ይጠጡ፤ ስለ ገቢ ሳይሆን ስለ ሥራው ሂደት ይጠይቁ፤ ስም ሳይሆን መለያ ቁጥር ይመዝግቡ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን ስልክ፣ መኖሪያና የመኪና እንቅስቃሴ ያለ ፈቃዳቸው መያዝ በሕግ የሚያስጠይቅ ጉዳይ ሆኗል። የመረጃ መሰብሰቢያውን እንደ ኮቦ ቱልቦክስ ባለ፣ ያለ ኔትወርክ በሚሠራ መተግበሪያ ላይ ያዘጋጁት፤ ከከተማ ሲወጡ ይጠቅምዎታል።

መሣሪያውን በትንሹ መሞከር

አቅም ካለ ቴክኖሎጂውን በአነስተኛ ደረጃ መሞከር ከመቶ መጠይቅ ይበልጣል። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደሴ ግን የሐረጎን ዳገት ወጥተው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አንድ የክትባት ሣጥን በአንድ ጉዞ ውስጥ የተለያየ አየር ያገኘዋል። ለተቋሙ አስታውቀውና ፈቃድ አግኝተው አነስተኛ የሙቀት መመዝገቢያ በሣጥኑ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ሣጥኑ የት እንደቆመና ስንት ጊዜ እንደተከፈተ በእጅ ይጻፉ። በማሾው ላይም እንዲሁ የአሥር ገበሬዎችን ምርት በተለያየ ከረጢት አስሮ የወረቀት ካርድ በማድረግ እስከ መጋዘን መከታተል ይቻላል። በወረቀት ካርድ ያልተሳካ ክትትል በኪውአር ኮድም አይሳካም፤ ካርዱ የጠፋበት ርክክብ መሣሪያውም የሚጠፋበት ነውና።

በመዝገቡ ውስጥ ያለው ክፍተት

በወሎ የሚሠራ ማንኛውም የብዙ ዓመት መረጃ በ2014 ዓ.ም. ላይ ይሰበራል። ጦርነቱ በጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መጋዘኖች ባዶ ሆኑ፣ መዝገቦች ጠፉ፣ ሰው ተሰደደ፣ መንገድና ስልክ ተቋረጠ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ያለውን አፈጻጸም የሚያጠና ሰው ይህን ብቻ ሳይሆን ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ከአጎዋ (ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ዕቃ ለመላክ ከሚያስችለው የንግድ ዕድል) መታገዷንም መለየት አለበት፤ አለበለዚያ የጦርነቱን ጉዳት ለሶፍትዌር ወይም ለሥራ አመራር ጉድለት ይሰጣል። የጎደሉትን ወራት በአማካይ ቁጥር አይሙሉ። ክፍተቱን እንደ ክፍተት ያሳዩ፣ ትንተናውን ከጦርነቱ በፊትና በኋላ ለይተው ይሥሩ። ስለዚያ ጊዜ ሲጠይቁም አንድ የመጋዘን ጠባቂ ስለ ጠፋ ክምችት ሲናገር ስለ ጠፋ ሰውም ሊያስታውስ እንደሚችል ያስቡ፤ መናገር ካልፈለገ ጥያቄውን ይተዉት።

ጽሑፉ ለፈታኞች ከመቅረቡ በፊት ዋና ዋና ግኝቶቹን በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፈው መረጃ ለሰጡዎት ሰዎች ይዘው ይመለሱ። ሰብሳቢው ነጋዴ፣ የመጋዘን ሠራተኛዋና ሹፌሩ እያንዳንዳቸው የሣሉትን የሰንሰለት ሥዕል ሲያዩ የተሳሳተ ቀስት ወይም የተዘለለ እጅ መኖሩን ወዲያው ይነግሩዎታል። ያን እርማት ከማን እንደመጣ በመለያ ቁጥሩ ጠቅሰው በምዕራፍ አራት ውስጥ ያስገቡት።